ለሚነጡ ጣቶች፦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደምዋኝ

ነገሩን በቁም ነገር ማየት የጀመርኩት ከውሃ ወጥቼ የመኪናዬን ቁልፍ መያዝ ያቃተኝ ቀን ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ። እጄም ኪሴ ውስጥ ነው። ግን ጣቶቼ የሌላ ሰው ይመስል ምንም አይነግሩኝም፤ የጨበጥኩት ቁልፉን ይሁን የኪሱን ጨርቅ መለየት አቃተኝ። አውጥቼ መዳፌን ገልበጥ ሳደርገው አራቱ ጣቶች ከመሃል አንጓቸው ወደ ላይ እንደ ሻማ ነጥተዋል፣ አውራ ጣቴ ብቻ ደህና ነው። ውሃ ውስጥ የቆየሁት ደግሞ 6 ደቂቃ ብቻ ነበር። አብረውኝ የገቡት ሰዎች 20 ደቂቃ ዋኝተው፣ ወጥተው፣ እየተሳሳቁ ዚፓቸውን ይዘጋሉ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ላሉ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ተዉ አልልም፣ እኔም አልተውኩትም። የሌሎችን ምክር እንዳለ መገልበጥ ግን አያዋጣንም። «ትለምዱታላችሁ» ይሏችኋል። ትንፋሹን አዎ፣ ትለምዱታላችሁ። ጣቱን ግን እንጃ፤ እኔ ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቼ ጣቶቼ ዛሬም ያው ናቸው።

ጣት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዚህ እንጀምር። ማንም ሰው ሲበርደው ሰውነቱ ደሙን ከእጅና ከእግር እየሰበሰበ ወደ ሆድና ደረት ይመልሳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጣት ቢቀዘቅዝ ሰው አይሞትም፣ ልብ ቢቀዘቅዝ ግን ይሞታል። መዳፍ፣ የእግር ጫማና የጣት ጫፍ ውስጥ ደም ከደም ወሳጅ ወደ ደም መላሽ ስር በአቋራጭ የሚያልፍባቸው ትንንሽ መንገዶች አሉ። ሲሞቀን ይከፈታሉ፣ ሲበርደን ይዘጋሉ። ቀይ፣ ሙቅ እጅ ማለት እነዚህ ክፍት ናቸው ማለት ነው።

እኛ ጋ ግን ሰውነት ገና ለትንሹ ብርድ ይደነግጥና ወደ ጣት የሚሄዱትን ስሮች ጭምር ጭብጥ አድርጎ ይዘጋቸዋል። ከዘጋ በኋላም ለመክፈት ይግደረደራል። ይህ ሬይኖድ ይባላል፤ በ1862 እ.ኤ.አ. በመመረቂያ ጽሑፉ ከገለጸው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከሞሪስ ሬይኖድ የተወሰደ ስም ነው። ከ100 ሰው ከ3 እስከ 5 የሚሆነው እንዳለበት ይገመታል፣ ሴቶች ላይ ይበዛል። መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ደም ሲመለስ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል። ቆዳችሁ ጠቆር ያለ ከሆነ ከእጅ ጀርባ ምንም ላይታያችሁ ይችላል፤ መዳፍን፣ የጣት ጫፍንና የጥፍርን ስር ነው ማየት። ሁሉም ሰው ሦስቱንም ቀለም አያይም፣ እኔ ለምሳሌ ሰማያዊውን ብዙም አላየሁትም።

የሚገርመው ብርድ ብቻ አይደለም የሚቀሰቅሰው። ድንጋጤና ጭንቀትም ይበቃዋል። አንዳንድ ቀን ውሃው ዳር ቆሜ፣ ገና ልብሴን ሳላወልቅ፣ ውሃውን በማየት ብቻ ሁለት ጣቴ ይነጣል። እና ውሃ ከአየር ጋር ሲነጻጸር ሙቀትን ከሰውነት ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እንደሚወስድ ስታስቡት፣ በንፋስ ብቻ የሚነጣ ጣት 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ጓንት ሙቀት አይሠራም

ይህን ለመረዳት ብዙ ገንዘብ ጨርሻለሁ። መጀመሪያ 3 ሚሊሜትር ጓንት ገዛሁ፣ አልበቃኝም። 5 ሚሊሜትር ገዛሁ፣ ባሰብኝ! ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጣት ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጣት የራሱን ሙቀት አያመርትም፣ ሙቀቱ በደም ተጭኖ ነው የሚመጣለት። ጓንት ደግሞ ያለውን ሙቀት እንዳይሄድ ይይዛል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። የነጣ እጃችሁን ጓንት ውስጥ ከከተታችሁ ጓንቱ በታማኝነት የሚጠብቅላችሁ ብርዱን ነው። በዚያ ላይ ወፍራሙ ጓንቴ ጠባብ ስለነበር የቀረችውን ትንሽ ደም እሱ ራሱ አነቀብኝ።

እና የኔ ዋና ምክር ይህ ነው፦ ጨዋታው የሚያልቀው ውሃው ዳር ነው፣ ውሃው ውስጥ አይደለም። እጅ ሞቆ ከገባ ትንሽ ጊዜ ይሰጣችኋል። ነጥቶ ከገባ ምንም አይሰጣችሁም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት

ከቤት ስትወጡ ጀምሮ ሙቃችሁ ውጡ። ጓንት፣ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሁሉንም፤ ሰው «ገና ሳትገቡ?» ቢላችሁም ዝም በሉት። ደረትና ሆድ ሲሞቅ ሰውነት ለጣት ደም መላክ አይሰስትም፣ ሆድ ሲበርደው ግን ጣትን በምንም ጓንት አታሞቁትም። ለመዋኘት የምትሄዱበት ቦታ እንደደረሳችሁ 10 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ላብ እስኪያልባችሁ ግን አይደለም፤ ላብ ቆዳን ያረጥብና በንፋሱ መልሶ ያቀዘቅዛል።

ቀጥሎ እጃችሁን ከትከሻ ጀምራችሁ እንደ ወፍጮ መዘውር በትልቁ አሽከርክሩት፣ በየእጁ ከ30 እስከ 40 ዙር። ደሙን በግድ ወደ ጣት ጫፍ ይወረውረዋል። ሰው ያያል፣ ይስቃል። ይሳቅ። ለእግር ደግሞ በጣት መቆም፣ መውረድ፣ መቆም፣ መውረድ።

ልብስ የማውለቂያው ቅደም ተከተልም አለው። የዋና ልብሳችሁን ከቤት ከውስጥ ለብሳችሁ ኑ። ከላያችሁ የምታወልቁት መጨረሻ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ ዕቃችሁን አደራጁ፣ የምትለብሱትን ደርድሩ፣ ከሰው ጋር የምታወሩትን አውርታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ነው ማውለቅ። ራቁት ሆኖ ወሬ የኛ ዓይነቱን ሰው ይጎዳል። ቀለበት ካላችሁ ቤት ተዉት፤ ጣት ሲበርደው ስለሚቀጥን ወልቆ ይጠፋል፣ ሲሞቅ አብጦ ደግሞ ያንቃል።

ጓንትና የእግር ልብሱ ኒዮፕሪን ይሁን። ኒዮፕሪን ውስጡ በጣም ትንንሽ የታሸጉ የአየር ከረጢቶች ያሉት ጎማ ነው፣ የሚያሞቀው አየሩ ነው። ልኩን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ለብሳችሁት ጡጫ ስትጨብጡ ጎማው መልሶ የሚዘረጋችሁ ከሆነ ጠቧል፣ ጣታችሁ ጫፍ ላይ ውሃ የሚንቦጫረቅበት ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ ሰፍቷል። አራቱን ጣት በአንድ ኪስ የሚያቅፈው ዓይነት ከባለ አምስት ጣቱ የበለጠ ያሞቃል፣ ጣቶች እርስ በርስ ስለሚሟሟቁ። ከስር ስስ የላስቲክ የሕክምና ጓንት መልበስም ይረዳል፣ እሱም ግን አንጓ ላይ እንዳያንቅ።

አሁን የምወደውን ዘዴ ልንገራችሁ። በቴርሞስ ለብ ያለ ውሃ ይዛችሁ ኑና ጓንቱንና የእግሩን ልብስ ከማጥለቃችሁ በፊት ትንሽ ትንሽ ጨምሩባቸው። ኒዮፕሪን ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ የሚገባው የመጀመሪያው ውሃ ሙቅ ከሆነ ሰውነታችሁ ያንን ለማሞቅ ሙቀት አያባክንም። ለብ ያለ አልኩ፣ የፈላ አላልኩም። በክንዳችሁ ሞክሩት እንጂ በደነዘዘ ጣት አትለኩት። የጓንቱን አንገት ሙሉ የዋና ቱታ ከለበሳችሁ ከእጅጌው ስር አስገቡት፣ የእግሩንም እንደዚያው፣ አለበለዚያ በቀዘፋችሁ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ ይገባባችኋል። እግር መጀመሪያ፣ ጓንት መጨረሻ። ጓንት አጥልቆ የጫማ ማሰሪያ ሲታገል የነበረ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ።

ያንን በብረት ዱቄት የሚሠራ፣ ሲቀደድ የሚሞቅ ትንሽ ከረጢት ጓንት ውስጥ ልክተት ብላችሁ አታስቡ። የሚሞቀው አየር ሲያገኝ ነው፣ ውሃ ሲነካው ያበቃለታል። ደረቅ ጫማችሁና ደረቅ ጓንታችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ስትወጡ ጣታችሁ ያመሰግናችኋል።

ሲጋራ አታጭሱ፤ ኒኮቲን የደም ስርን ያጠባል፣ ለኛ ደግሞ ቀድሞውኑ ጠቧል። አልኮል ያሞቀ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን ወደ ቆዳ አውጥቶ ለውሃው ነው የሚያስረክበው።

ውሃው ውስጥ

መዝለል ይቅር። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ቆዳን ሲነካ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፣ ልብ ይዘላል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ ያሰጥማል። የሚያስፈራው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ድረስ ነው፣ ከዚያ ይረጋል። ስለዚህ በእግር የሚገባበት፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ቦታ ምረጡ፤ በረጅሙ እያስወጣችሁ ተራመዱ። እጃችሁን ብብታችሁ ስር ወይም ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉት፣ ውሃው ደረት እስኪደርስና ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ድረስ። የመጨረሻ የሚረጥበው እጅ ይሁን። ግን ወገብ ድረስ ገብታችሁ አምስት ደቂቃ «ኧረ ይበርዳል» እያላችሁ አትቁሙ፣ ያ ጊዜ ከጣታችሁ ሂሳብ ላይ ነው የሚቆረጠው።

እየዋኛችሁ ጣቶቻችሁን ጨበጥ ዘርጋ፣ ጨበጥ ዘርጋ አድርጉ። የእግር ጣቶችንም አፍታቱ፤ እግር ከሁሉም በፊት ይረሳል፣ ከኋላ ስለሆነ መሰለኝ። እጅ በጣም ከከበዳችሁ በጀርባችሁ ተገልብጣችሁ በእግር ብቻ እየገፋችሁ እጃችሁን ብብት ስር መክተት ትችላላችሁ። ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይሁን፣ መውጫው ቅርብ ሆኖ።

ስንት ደቂቃ? እዚህ ላይ ከብዙ ዋናተኛ ጋር እጣላለሁ። «በየአንዱ ዲግሪ አንድ ደቂቃ» የሚሏት ነገር አለች፦ ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ 10 ደቂቃ። ለኛ አትሠራም፣ እርሷት። የኛ ሰዓት እጃችን ላይ ያለ ነው፣ ግን የታሰረው አይደለም። በየሁለት ደቂቃው አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣታችሁ ጫፍ ጋር አገናኙ። ከተነካኩ ቀጥሉ። ካልተገናኙ፣ ወይም ለማገናኘት ማሰብ ካስፈለጋችሁ፣ ወደ ዳር። ሌላው ምልክት ጣቶች አልገጥም ብለው እንደ ጥፍራም እግር ተበታትነው መቅረታቸው ነው፤ ስትቀዝፉ ውሃው በመሃል ያመልጣል። ያኔ ከእጅ አልፎ የክንድ ጡንቻና ነርቭም እየቀዘቀዘ ነው፣ ደክሟችሁ ሳይሆን መዋኘት የማትችሉበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ጣት ሲነጣ አያምም ደግሞ፣ ዝም ይላል። ዝም ማለቱን «ለመድኩት» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። እኔ ያን ቀን የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሲቆጠቁጠኝ ቆይቶ ድንገት ተወኝ፣ ደስ ብሎኝ ሌላ ዙር ጨመርኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ወይም 2 ደቂቃ በቂ ነው። ውሃው ከ15 ዲግሪ በላይ እያለ ጀምራችሁ ከወቅቱ ጋር አብራችሁ ውረዱ። ብቻችሁን አትግቡ፣ አብሯችሁ ላለው ሰውም «ጣቴ ነጭ ከሆነ አልሰማህም ብልም እንኳ አስወጣኝ» በሉት። ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ፊኛ ወገብ ላይ እሰሩ። መውጫው መሰላል ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡ፣ የደነዘዘ እጅ ብረት አይጨብጥም።

ሉዊስ ፒው የተባለው ዋናተኛ በ2007 እ.ኤ.አ. ሰሜን ዋልታ ላይ ከዜሮ በታች 1.7 ዲግሪ በሆነ ውሃ አንድ ኪሎ ሜትር ዋኘ፣ ወደ 19 ደቂቃ ፈጀበት። የእጆቹ ስሜት እስኪመለስለት ግን አራት ወር እንደቆየ ራሱ ተናግሯል። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነርቭን ለወራት ሊጎዳ እንደሚችልና ጉዳቱም በረዶ የሠራ ጣት እንደማይጠይቅ እንድታውቁ ነው። እርጥበትና ብርድ ከዜሮ በላይም ቢሆን ረጅም ጊዜ ከቆየ ያደርገዋል።

ከወጣችሁ በኋላ

ስትወጡ ሰውነት ወዲያው መሞቅ አይጀምርም። ከቀዘቀዘው እጅና እግር፣ ከቆዳውም፣ ብርዱ ወደ ውስጥ መዝለቁን ይቀጥላል፤ ከወጣችሁ 10 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ ክፉኛ የሚያንቀጠቅጠው። ስለዚህ ያላችሁን ጊዜ አታባክኑ። ጓንቱንና የእግሩን ልብስ ቦርሳችሁ ጋ እስክትደርሱ አታውልቁ፣ እርጥብ ባዶ እጅ ንፋስ ላይ ከውሃውም ይብሳል። ምንጣፍ ወይም ወፍራም ፎጣ መሬት ላይ ጣል አድርጋችሁ እሱ ላይ ቁሙ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፦ ኮፍያ፣ ደረትን ማድረቅ፣ ደረቅ ሹራብ፣ ጃኬት። እጃችሁ ነጥቶ እያያችሁት እጁን ቀድማችሁ ማዳን ያምራችኋል። አታድርጉት። ሆዱን አልብሱ፣ እጁ ይከተላል።

ልብሳችሁ ቁልፍ፣ ዚፕና ማሰሪያ የሌለው፣ ሰፊ፣ በመዳፍ ብቻ ተጎትቶ የሚገባ ይሁን። እርጥብ እግር ላይ ጠባብ ካልሲ ለማስገባት መታገል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፤ ሰፊ ካልሲ፣ ሳይታሰር የሚጠለቅ ጫማ። ሙቅ ውሃ የሞላበት የላስቲክ ከረጢት በልብሱ ጠቅልላችሁ ብትተዉ ልብሱ ሞቆ ይጠብቃችኋል።

እጅን አትሹት፣ አትፈትጉት። እሳት ላይ፣ ማሞቂያ ላይ፣ የመኪና ሙቅ አየር ላይ አትደቅኑት፤ ያልሰማ ቆዳ ሲቃጠል አይናገርም። ብብት ስር፣ ሆድ ላይ፣ ወይም በሌላ ሰው ሙቅ መዳፍ መሃል፣ ካለም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ። ከለበሳችሁ በኋላ የእጅ ማሽከርከሩን ድገሙት። ሙቅ ሻወር ቶሎ አይሁን፣ የቆዳ ስሮች በአንዴ ሲከፈቱ የደም ግፊት ወርዶ ራስ ያዞራል፣ ሰው ይወድቃል። ሻይ ጥሩ ነው፣ ኩባያውን ግን ግማሽ ብቻ ሙሉት፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ፣ ድንጋይ ቆርጦት ላትሰሙ ትችላላችሁ። መንቀጥቀጡ ሳይቆምና ጣት ሳይመለስ መኪና አታሽከርክሩ፣ ብስክሌትም አትንዱ። እኔ ያን ቀን ቁልፉን ባለማግኘቴ እድለኛ ነበርኩ።

ሐኪም ጋ መቼ?

ብዙዎቻችን ያለብን በራሱ የሚመጣው፣ ከሌላ በሽታ ጋር ያልተያያዘው ነው፤ በወጣትነት ይጀምራል፣ ሁለቱንም እጅ ይይዛል። ግን አንድ እጅን ብቻ ከያዘ፣ ዕድሜያችሁ 30 ካለፈ በኋላ ድንገት ከጀመረ፣ የጣት ጫፍ ከቆሰለ፣ ቆዳው ከጠነከረ ወይም መገጣጠሚያ ካመማችሁ መጀመሪያ ተመርመሩ፤ እንደ ሉፐስና ስክሌሮደርማ ያሉ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች በዚህ በር ይገባሉ። የጣት ቁስል ካለ ቀዝቃዛ ውሃ የለም፣ አለቀ። የልብ ችግር ያለበትም ሳይጠይቅ አይግባ። የምትወስዱትን መድኃኒት ለሐኪሙ ንገሩት፦ ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብና የግፊት መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የማይግሬንና አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶች ጣትን ያብሱታል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኒፈዲፒን ስሮቹን ያላላል፣ ግፊትም ያወርዳል፣ ስለዚህ እንደምትዋኙ ሐኪሙ ይወቅ።

አንድ ማስታወሻ ያዙ። የውሃው ሙቀት፣ የቆያችሁበት ደቂቃ፣ ጣቱ ከነጣ በኋላ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ። እኔ ጋ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ከሆነ የተለመደ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በሚቀጥለው ጊዜ ደቂቃውን በግማሽ እቀንሳለሁ፣ እስከ ማግስቱ ድረስ ጣቴ ላይ ጥጥ የነካሁ የሚመስል ስሜት ከቆየ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው አጠገብ አልደርስም፣ ካልጠፋም ሐኪም ጋ ነኝ።